ላላ ያለ ጎማ፣ ላላ ያለ እጅ፦ ፒስታ ላይ ብስክሌት እንዴት ይነዳል?

ፒስታ፣ ማለትም አስፋልት ያልለበሰ የጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ስህተት ይሠራል። ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል ይነፋዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። ጠንካራ ጎማ በቀላሉ ይንከባለላል፣ ለስላሳው ደግሞ መሬቱን ይዞ ይጎትታል እንላለን። አስፋልት ላይ ይሄ እስከተወሰነ ድረስ ያስኬዳል። ወንዝ ዳር በሚሄድ የጠጠር መንገድ ላይ ግን ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ክንድ ይዝላል፣ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ብስክሌቱም እየነጠረ ወደፈለገበት ይሄዳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል አንዲት ጠጠር አስቡ። የፊት ጎማው ሲደርስባት ጠንካራ ከሆነ ሊውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ይወጣባታል። ብስክሌቱም ነጂውም፣ ሰማንያ ምናምን ኪሎ የሚመዝነው ነገር ሁሉ፣ ለቅጽበት ወደ ላይ ይነሣና ተመልሶ ይወርዳል። ለመነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት የተወሰደው ወደፊት ከሚወስደን ፍጥነት ነው። ሲወርድ ግን አብዛኛው ወደ ፍጥነት አይመለስም። በእጃችን፣ በትከሻችንና በጀርባችን ሥጋ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ጎማው ላላ ያለ ከሆነ ደግሞ ጠጠሯ ጎማው ውስጥ ትሰምጣለች። ጎማው ዋጥ አድርጓት ያልፍና ቅርፁን ይመልሳል። እኛ ከላይ ያለነው ብዙም አንነቃነቅም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጠጠር እንደምናልፍ ካሰባችሁ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጠራቀም ይገባችኋል።

ጎማን በሚሽከረከር ለስላሳ የብረት ከበሮ ላይ እያስኬዱ የሚደረግ ፍተሻ ጠንካራውን ጎማ ፈጣን ነው የሚለው ለዚህ ነው። ከበሮው ላይ ጠጠር የለም፣ የሚንቀጠቀጥ ሰውም የለም። የአየር ጎማ ራሱ የተፈለሰፈው ለመንገጫገጭ መፍትሔ ሆኖ እንደነበር መርሳት የለብንም። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐሳቡን በ1845 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦት ነበር፣ ግን ሰሚ አጥቶ ተረሳ። በ1887-88 ጆን ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ እንደገና ሠራው። ምክንያቱ ደግሞ ልጁ የሚነዳት ባለሦስት እግር ብስክሌት በጠንካራ ጎማዋ ታንገጫግጨው ስለነበር ነው። እኛ ያን ጎማ እስኪደርቅ ስንነፋው ደንሎፕ የሸሸውን ነገር መልሰን እያመጣነው ነው።

እንግዲህ ስንት ይነፋ? አንድ ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ያህል ግፊት ነው። የኋላ ጎማችሁ 45 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። በ5 ባር ከተነፋ መሬቱን የሚነካው ስፋት 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ2.5 ባር ደግሞ 18 ይሆናል። መሬት የያዘው ጎማ በእጥፍ ሰፋ ማለት ነው። ለጠጠር የሚሠሩ ብስክሌቶች ጎማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው፣ በውስጡም ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ ብቻ የሚያዘው ለዚህ ነው። ቀጭን የአስፋልት ጎማ ይህን ያህል ቢላላ የመጀመሪያው ድንጋይ ቸርኬው ድረስ ይደርሳል። ስፋት ያስፈለገው ለማላላት እንዲመች ነው።

75 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነና ጎማችሁ 42 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ2.5 ባር ጀምሩ። ከዚያ በ0.2 በ0.2 እየቀነሳችሁ ሞክሩ። የፊቱ ከኋላው ትንሽ ይነስ፣ ምክንያቱም ብዙው ክብደት ያለው ኋላ ነው። ከመጠን በላይ መላላቱን ጎማው ራሱ ይነግራችኋል። ኩርባ ላይ ከሥር የሚንሸራተት፣ የሚንጋደድ ዓይነት ስሜት ይመጣል። ወይም ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው "ቋ!" ብሎ ይጮኻል። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው 0.2 መልሱ። የውስጥ ጎማ የምትጠቀሙ ከሆነ ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ይወጣበታል።

ብዙ የፒስታ ነጂዎች የውስጥ ጎማውን ጨርሰው ያወጡት ከዚህ የተነሣ ነው። በቦታው ጥቂት ፈሳሽ ይጨመራል። ፈሳሹ ውስጥ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ወተት መሳይ ነገርና ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። እሾህ ሲወጋ አየሩ ፈሳሹን እየገፋ ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል፣ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል። ብዙ ጊዜ ነጂው መወጋቱን የሚያውቀው ቤት ደርሶ ጎማው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲያይ ነው። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ ስለዚህ መጨመር አለበት። የጎማውን ጎን የቀደደ ስለታም ድንጋይ ደግሞ ከፈሳሹ አቅም በላይ ነው። ለዚህ ሲባል አንድ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ መንፊያና ከውስጥ የሚለጠፍ ጠንካራ ቁራጭ ሁልጊዜ ይያዛል። የተጣጠፈ ወፍራም ላስቲክ እንኳ ቤት ያደርሳል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ካርታ ላይ ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ስናይ "ሜዳ ነው" ብለን ደስ ይለናል። ወንዙ በእርግጥ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። መንገዱ ግን ወንዙ አይደለም። ሸለቆው ግራና ቀኝ ገባር ወንዞች አሉት፣ እያንዳንዱ ገባርም ጎኑን ሰርስሮ የራሱን ትንሽ ሸለቆ ሠርቷል። መንገዱ ወደ ገባሩ ይወርዳል፣ ይሻገራል፣ ቀጣዩን ጉብታ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። አሥራ አምስት ገባሮች ቢኖሩና እያንዳንዱ 30 ሜትር ብቻ ቢያስወጣ 450 ሜትር አቀበት ተጠራቀመ ማለት ነው። ያውም "ሜዳ ነው" በተባለ መንገድ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ድምር አቀበቱንም እዩ። እውነተኛ ሜዳ የምትፈልጉ ከሆነ ሐዲዱ የተነሣበት የድሮ ባቡር መስመር ፈልጉ። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ዘለው፣ ከሞላ ጎደል ሜዳ የሆነ መስመር ትተውልን ሄደዋል።

ወንዝ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ጠጠሩንም ይሠራል። ይህ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ነገር ነው። ወንዝ ያመጣው ድንጋይ እርስ በርሱ እየተፋጨ ስለመጣ ክብ ነው። ክብ ድንጋይ ከክብ ድንጋይ ጋር አይያያዝም። እንደ ባቄላ ክምር ከጎማው ሥር ይንከባለላል። ከድንጋይ መፍጫ የመጣው ጠጠር ግን ጠርዝ አለው፣ ጠርዞቹም እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። መኪና ሲረግጠው ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ሁለቱ መንገዶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንዱን ጠጠር አንስታችሁ በጣታችሁ ብታሹት ግን ወዲያው ታውቁታላችሁ። ለስላሳና ክብ ከሆነ ኩርባ ላይ ቀስ በሉ፣ ጎማውንም አላሉ። ጠርዘኛ ከሆነ ጎማው መሬት ይይዛል፣ ግን ስለቱን ተጠንቀቁ። በአሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ ከተማ አካባቢ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ 200 ማይል ገደማ የሚሸፍን ዝነኛ የጠጠር ውድድር አለ። እዚያ ያሉት ኮረብታዎች ስማቸውን ያገኙት ከባልጩት ነው። ባልጩት የጥንት ሰው ቢላ የሠራበት ድንጋይ ነው። የተወዳዳሪዎቹ ጎማ ለምን እንደሚቀደድ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ወንዙ ሲጠማዘዝም የራሱ ሕግ አለው። በኩርባው ውጫዊ ጎን ውሃው ፈጥኖ ስለሚሄድ ዳርቻውን ይቦረቡራል። በውስጣዊው ጎን ስለሚዘገይ የያዘውን አሸዋና ደለል ይጥላል። መንገዳችሁ ውስጣዊው ጎን ላይ ከሆነ አሸዋ ጠብቁ። አሸዋ ውስጥ መሪውን ጨብጦ መታገል አይረዳም። ከመግባታችሁ በፊት ማርሹን ቀለል አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ መልሱ፣ ፔዳሉን አታቁሙ። የፊት ጎማው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል ተዉት፣ ራሱን ያስተካክላል።

መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸብሽቦ የምታገኙበት ጊዜም አለ። ብዙ ሰው ይህን ያመጣው ከባድ መኪና ነው ይላል። እውነታው ግን አንዲት ትንሽ ጎማ እንኳ ልቅ በሆነ አሸዋ ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ደጋግማ ብትሽከረከር ያንኑ ሽብሽብ ትሠራለች። ሙከራ ተደርጎበት የታየ ነገር ነው። ጎማዋ ትንሽ ጉብታ ስታገኝ ነጠር ትላለች፣ ስትወርድ አፈሩን ትገፋለች፣ የተገፋው አፈር ቀጣዩ ጉብታ ይሆናል። ለዚህም ነው ሽብሽቡ መኪና ፍሬን በሚይዝበትና ነዳጅ በሚሰጥበት ቦታ፣ ማለትም ኩርባ አካባቢና ዳገት ላይ የሚብሰው። ለብስክሌት ነጂ መልሱ ቀላል ነው። ጠባብ ስለሆንን የመንገዱን ጠርዝ ወይም ጎማ ያልረገጠውን ቀጭን መስመር እንፈልጋለን። ካልተገኘ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ክርንና ጉልበትን ማላላት ነው። መሪው በእጃችሁ ውስጥ ይንቀጥቀጥ፤ ለመያዝ ያህል ያዙት እንጂ አንቃችሁ አትግደሉት።

ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ደን ኮረብታ ሲገባ ጉዳዩ የማርሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። የጠጠር ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከፊት 40 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 44 ጥርስ የሆነ ማርሽ ይኖረዋል። በዚህ ማርሽ ፔዳል አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በደቂቃ 120 ሜትር፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳገቱ 10 በመቶ ከሆነ በየደቂቃው 12 ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን 165 ዋት ገደማ ይጠይቃል፣ የጠጠሩን ጉተታ ሳንቆጥር።

አሁን የፊቱ ያው 40 ሆኖ ትልቁ የኋላ ጥርስ 28 የሆነ የአስፋልት ብስክሌት ይዛችሁ እዚያው ዳገት ላይ ናችሁ እንበል። በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ፔዳሉን በደቂቃ 38 ጊዜ ብቻ ነው የምታዞሩት። ጉልበቱ ያው ነው፣ ግን እያንዳንዷ ርግጫ በጣም ከባድ ትሆናለች። ጉልበት መገጣጠሚያ መጎዳቱ አንድ ነገር ነው። ጠጠር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ኃይሉ በየርግጫው "ድብ፣ ድብ" እያለ ስለሚመጣ የኋላ ጎማው በአንዷ ርግጫ ጠጠሩን ፈንቅሎ ባዶውን ይሽከረከራል። ብስክሌቱ ይቆማል፣ እግር መሬት ይወርዳል። ቀላል ማርሽ ለደካማ ሰው ነው የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ቀላል ማርሽ ኃይሉን ሳይቆራረጥ ወደ መሬት የሚያደርስ መሣሪያ ነው።

ዳገት ላይ መቀመጥም ጥበብ አለው። ከኮርቻው ብድግ ካላችሁ ክብደቱ ከኋላ ጎማ ላይ ይነሣና ጎማው ይንሸራተታል። በጣም ወደ ኋላ ከተቀመጣችሁ ደግሞ የፊቱ ይነሣል። ስለዚህ ተቀምጣችሁ ወደ ኮርቻው ጫፍ ጠጋ ማለት፣ ደረትን ዝቅ ማድረግ፣ ክርንን ወደ ታች መጣል ነው። ዓይን ደግሞ ከጎማው ሥር ሳይሆን አምስት ስድስት ሜትር ቀድሞ ይሂድ።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። አስፋልት ላይ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው የፊት ፍሬን ነው። ጠጠር ላይም እንደዚያው ነው፤ ነገር ግን የፊት ጎማ ልቅ ጠጠር ላይ ከቆለፈ መሪው ትርጉሙን ያጣል፣ ነጂውም ሳያስበው መሬት ላይ ነው። አንድ ቀን ደን ውስጥ በሚወርድ መንገድ ላይ ኩርባው ከገመትኩት በላይ ጠበበብኝ። ደነገጥኩ፣ ኩርባው መሐል ላይ የፊት ፍሬን ጨበጥኩ። የወደቅኩበትን ቅጽበት እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው መዳፌ ውስጥ የተሰካችውን ጠጠር ነው። ጎማው በአንድ ጊዜ ማዞርንም ማቆምንም አይችልም፤ መሬቱ የሚሰጠው ውስን ነገር አለ። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ ከኩርባው በፊት። በሁለቱም እጅ፣ በአንድና በሁለት ጣት፣ በስሱ። ኩርባው ውስጥ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ የውጭ በኩል እግር ወደ ታች ይወርዳል፣ ክብደቱም እዚያ ፔዳል ላይ ይቀመጣል። መኪኖች የረገጡት ሁለት መስመር ላይ ጠጠሩ ተጠርጎ ጠንካራው መሬት ይታያል። የተጠረገው ጠጠር የተከመረው መሐልና ዳር ላይ ነው። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገር ካለባችሁ ኩርባው ላይ ሳትደርሱ ተሻገሩ። የሚመጣ መኪና በማይታይበት ቦታ ደግሞ ምንም ቢመች የራሳችሁን ወገን አትልቀቁ። ደን ውስጥ ግንድ የጫነ መኪና ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

ደኑ የራሱ ተንኮል አለው። ፀሐይ ስለማይገባው ዝናብ ካቆመ በኋላም ለቀናት እርጥብ ነው። የረገፈ ቅጠል ድንጋዩንና ጉድጓዱን ይሸፍናል። የእርጥብ የዛፍ ሥር ነገር ደግሞ በረዶ በሉት። ሥርን በሰያፍ መሻገር ጎማን ወደ ጎን ይወስዳል። ቀጥ ብሎ፣ ፍሬን ሳይነኩ ማለፍ ነው። የእንጨት ድልድይም እንደዚያው። ከሁሉም በላይ ግን ብርሃኑን ልብ በሉ። ከጠራ ፀሐይ ወደ ጥላ ስትገቡ ዓይናችሁ ለጥቂት ጊዜ አያይም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ወደ ጥላው ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት መቀነስ ያለበት ለዚህ ነው።

ውሃ መሻገርን በተመለከተ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው። ታቹ ካልታየ አልነዳበትም። ውሃው ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል። የጠራና ከቁርጭምጭሚት ያልበለጠ ከሆነ በቀላል ማርሽ፣ ሳይቆሙ ማለፍ ይቻላል። ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከመሬት 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው እዚያ ከደረሰ ጭቃው ውስጡ ይገባል፣ ስለዚህ ብስክሌቱን ተሸከሙት። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ይድረቅ። ላይኛው አገር ዝናብ ከጣለ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠል፣ ጭራሮ መያዝ ከጀመረ ከወንዙ ውጡ።

ልብስን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሌሊቱ ጥርት ያለ ከሆነ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ይፈስሳል፣ እዚያም ይተኛል። ጠዋት ሸለቆው ጉም ሆኖ ኮረብታው ሙቀት የሚሆነው ለዚህ ነው። ስትወጡ ትሞቃላችሁ፣ ታልባላችሁ። ከዚያ በላባችሁ ወደዚያ ቅዝቃዜ ትወርዳላችሁ። ኮረብታው አናት ላይ ሆናችሁ፣ ገና ሳይበርዳችሁ፣ ቀጭን የነፋስ መከላከያ ጃኬት ልበሱ። ጣት ከደነዘዘ ፍሬን አይታዘዝም።

ምግብና ውሃም በሰዓት ይለካል። ረጅም ጉዞ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፣ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ውሃም እንዲሁ። ጠጠር ላይ እጅ ከመሪ ማንሣት ስለሚከብድ ብዙ ሰው መብላት ይረሳል። ለስላሳ ቦታ በተገኘ ቁጥር መጉረስ ነው። የወንዝ ውሃ ምንም ቢጠራ ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣም።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ ይህን ሞክሩ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን የምታውቁት ኮረኮንች ምረጡ። መጀመሪያ በለመዳችሁት ንፋት ሂዱበት። ተመለሱና ከሁለቱም ጎማ ግማሽ ባር አስተንፍሱ። ከዚያ በዚያው መስመር፣ በዚያው ማርሽ፣ እንደገና ሂዱ። ሰዓት አትያዙ። ጫፍ ስትደርሱ ብቻ ቆም በሉና እጃችሁን ከመሪው ላይ አንስታችሁ ጣቶቻችሁን ዘርጉ።